30 ሰዓት ቼስ በ100 ትምህርት ቤቶች፦ የእንግሊዙ ሙከራ ምን አገኘ?

ቼስ የተማረ ልጅ በሒሳብ ይበረታል የሚለውን እምነት ብዙ መምህርና ወላጅ ሳይጠይቅ ይቀበለዋል። ለመቀበልም አያስቸግርም። ጨዋታው ተረጋግቶ ማሰብን፣ ወደፊት ማስላትንና ስህተትን መመርመርን ይጠይቃል፤ ቼስ የሚችሉ ልጆችም አብዛኛውን ጊዜ በትምህርታቸው ከፊት የሚሰለፉ ናቸው። ግን ልጁ የጎበዘው ቼስ ስለተማረ ነው ወይስ ቼስ የተማረው ጎበዝ ስለሆነ? ይህን ጥያቄ በሰፊ ናሙናና በጥብቅ ዘዴ ለመመለስ ከተሞከረባቸው ሥራዎች ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ2013 እንግሊዝ ውስጥ ተጀምሮ ሪፖርቱ በ2016 የወጣው ሙከራ ነው። ውጤቱ የቼስ ወዳጆችን አሳዝኗል። በእኛ እምነት ግን ቼስን ለልጆች ማስተማር የሚፈልግ ሁሉ ይህን ጉዳይ ከዳር እስከ ዳር ሊያውቀው ይገባል። ቼስ በትምህርት ቤት ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ ለመለየት የዚህን ያህል የሚረዳ ማስረጃ ብዙ የለም።

ሙከራው እንዴት ተዋቀረ

ትምህርቱን የሰጠው «ቼስ ኢን ስኩልስ ኤንድ ኮሚዩኒቲስ» የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ድርጅቱን በ2009 የመሠረተው ኢንተርናሽናል ማስተር የሚባለው የቼስ ማዕረግ ያለው ማልኮልም ፔይን ሲሆን፣ ሥራውም ቼስን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ማስተማር ነው። ገንዘቡን የሰጠው «ኤዱኬሽን ኢንዶውመንት ፋውንዴሽን» ነው፤ ይህ ተቋም የልጆችን የትምህርት ውጤት ያሻሽላሉ የሚባሉ ዘዴዎችን፣ በተለይ ለድሃ ቤተሰብ ልጆች የሚጠቅሙትን፣ እያስፈተነ እውነትነታቸውን ያጣራል። ግምገማው ከሁለቱም ውጭ ላሉ፣ ለንደን በሚገኘው የትምህርት ኢንስቲትዩት ለሚሠሩ ተመራማሪዎች ተሰጠ። ይህ የሥራ ክፍፍል ትልቅ ቦታ አለው፤ አንድን ፕሮግራም የሚሰጠው አካል ራሱ ሲለካው ውጤቱ ወደሚፈልገው ወገን ማዘንበሉ የተለመደ ነው።

ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚመጡ ልጆች የሚበዙባቸው፣ በ11 የአካባቢ አስተዳደሮች ሥር ያሉ 100 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሳተፉ። በዕጣ 50ው ቼስ እንዲማሩ፣ 50ው እንደ ወትሯቸው እንዲቀጥሉ ተደረገ። ተማሪዎቹ በእንግሊዝ አቆጣጠር አምስተኛ ዓመት የሚባለው ክፍል ልጆች፣ ማለትም የ9 እና የ10 ዓመት ልጆች ነበሩ። በሁለቱም ወገን በድምሩ 4,009 ልጆች ተካተዋል።

ዕጣው በየልጁ ሳይሆን በየትምህርት ቤቱ የወጣው በምክንያት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ግማሹ ልጅ ቼስ ተምሮ ግማሹ ካልተማረ ጨዋታው በእረፍት ሰዓት ወደ ሌላው ግማሽ ይዛመታል፤ ማነጻጸሪያውም ይበላሻል። በየትምህርት ቤቱ ዕጣ ማውጣት ግን የራሱ ዋጋ አለው። በአንድ መምህር እጅ፣ በአንድ ሰፈር ያደጉ 30 ልጆች እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ ከ30 የተለያዩ ትምህርት ቤቶች የተወሰዱ 30 ልጆች የሚሰጡትን ያህል መረጃ አይሰጡም። ስለዚህ ወሳኙ ቁጥር የልጆቹ ሳይሆን የትምህርት ቤቶቹ ነው፤ በአራት ወይም በስድስት ትምህርት ቤቶች የተሠራ ጥናት ልጆቹ ምንም ያህል ቢበዙ ደካማ የሚሆነውም በዚሁ ነው።

ትምህርቱ ከሴፕቴምበር 2013 እስከ ጁላይ 2014 በነበረው የትምህርት ዘመን ውስጥ ተሰጠ። መጠኑ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በድምሩ 30 ሰዓት ነበር። ትርፍ ሰዓት ላይ ለሚፈልጉ ብቻ የተዘጋጀ ክበብ አልነበረም፤ ክፍሉ በሙሉ በመደበኛ ሰዓት ይማራል። ሰዓቱም የተወሰደው ከሒሳብ ሳይሆን እንደ ታሪክና ጂኦግራፊ ካሉት የማኅበረሰብ ትምህርቶች ወይም ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ትምህርት ቤቶች ከፈለጉ በምሳ ሰዓት ወይም ከትምህርት በኋላ የቼስ ክበብ ማቋቋም ይችሉ ነበር። የሚያስተምሩት ከውጭ የሚመጡ፣ ቼስ በደንብ የሚችሉ አሰልጣኞች ናቸው፤ ሁሉም የተከተሉትም አንድ ወጥ ሥርዓተ ትምህርት ነው።

መለኪያው የእንግሊዝ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን ሲጨርሱ የሚወስዱት ብሔራዊ ፈተና ነው። ልጆቹ የተፈተኑት በ2015፣ የቼሱ ትምህርት ካበቃ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ፈተናው ለዚህ ጥናት ተብሎ የተሰናዳ አልነበረም፣ ያረመውም ሰው ማን ቼስ እንደተማረ አያውቅም። ልጆቹ በ7 ዓመታቸው ያገኙት ውጤትም ለመነሻነት ተይዟል።

ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው

ውጤቱን ከመናገራችን በፊት አንድ ሰዓት የቼስ ትምህርት በተግባር ምን እንደሚመስል ማየት ያስፈልጋል፤ ከውጤቱ ማብራሪያ ግማሹ ያለው እዚህ ነውና።

30 ልጆች ላሉት ክፍል 15 ሰሌዳ ከነጠጠሮቹ፣ ሁለት መጠባበቂያና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አንድ ትልቅ የማሳያ ሰሌዳ ይበቃል። ከመነሻው የሚሳሳተው ነገር የሰሌዳው አቀማመጥ ነው። በእያንዳንዱ ተጫዋች ቀኝ እጅ በኩል ያለው የጥግ ካሬ ነጭ መሆን አለበት፤ ሰሌዳው ዞሮ ከተቀመጠ ንጉሡና ንግሥቷ ቦታ ይቀያየሩና ልጆቹ የተማሩት ሁሉ ይምታታባቸዋል። ከ60 ደቂቃው ውስጥ ጠጠር መደርደርና መሰብሰብ አሥር ደቂቃ ያህል ይበላል። አሰልጣኙ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ካስረዳ ለልጁ የሚቀረው የጨዋታ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። በ30 ሳምንት ሲደመር ልጁ ሰሌዳ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያስበው 15 ሰዓት ገደማ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁሉንም ጠጠር በአንድ ቀን ማስተማር የተለመደ ጥፋት ነው። የሚሻለው ከግንብ መጀመር ነው፤ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ማንም ልጅ አይስተውም። ቀጥሎ ጳጳሱ፣ ሁለቱን የምታጣምረው ንግሥት፣ ከዚያ ንጉሡና ወታደሩ ይመጣሉ፤ ዘሎ የሚሄደው ፈረስ መጨረሻ ላይ ይቆያል። በየመሀሉ ጨዋታው በትንሽ በትንሹ ይሰጣል። ከሁሉም የሚበልጠው የወታደር ጨዋታ ነው፦ በሰሌዳው ላይ ስምንት ነጭና ስምንት ጥቁር ወታደሮች ብቻ ይቀመጣሉ፤ መጀመሪያ አንዱን ወታደር ከመጨረሻው ረድፍ ያደረሰ ያሸንፋል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ ወታደር ቀጥ ብሎ እየሄደ በሰያፍ እንደሚበላ ይለምዳል፤ ከዚያም አልፎ «እኔ አራት እርምጃ ይቀረኛል፣ እሱ ሦስት» እያለ መቁጠር ይጀምራል። ይህ የመጀመሪያው እውነተኛ የቼስ ስሌት ነው።

ቼክሜት፣ ማለትም ንጉሡ ተጠቅቶ ማምለጫ የሚያጣበት የጨዋታው ማሸነፊያ፣ የሚጀመረው በሁለት ግንቦች ቢሆን ይመረጣል። አንዱ ግንብ አንድ ረድፍ ይዘጋል፣ ሌላው ቀጣዩን ይዘጋል፣ ንጉሡ ረድፍ በረድፍ ወደ ጠርዝ ይገፋል። በንግሥት መጀመር ግን ስቴልሜትን ይጋብዛል። የሰሌዳው ዓምዶች ከኤ እስከ ኤች በፊደል፣ ረድፎቹ ከ1 እስከ 8 በቁጥር ይጠራሉ፤ ጥቁሩ ንጉሥ ኤ8 ላይ ብቻውን ቆሞ ነጩ ንግሥቱን ቢ6 ላይ ቢያስቀምጥ ንጉሡ ቼክ ላይ አይደለም (አልተጠቃም)፣ የሚሄድበትም የለውም፤ ጨዋታው በአቻ ያልቃል። ንግሥት አስበልጦ ሳለ አቻ የወጣ ልጅ ያለቅሳል፤ ስቴልሜት ከቼክሜት ጋር በአንድ ቀን፣ ጎን ለጎን ካልተሰጠው የተታለለ ይመስለዋል።

ሌላው ክፍሉን የሚበጠብጠው የአራት እርምጃ ቼክሜት ነው። አንድ ልጅ ከወንድሙ ይማረውና ንግሥቱን ኤች5፣ ጳጳሱን ሲ4 ላይ አውጥቶ ኤፍ7 ላይ ያለውን ወታደር በንግሥት እየበላ ሁሉንም ያሸንፋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክፍሉ በሙሉ ሌላ ነገር አይጫወትም፣ የተሸነፉትም ይሸሻሉ። መድኃኒቱ መከላከያውን ለሁሉም በአንድ ቀን ማስተማር ነው፦ መጀመሪያ ፈረሱን ሲ6 ላይ አውጥቶ የኢ5ን ወታደር መጠበቅ፣ ከዚያ ወታደሩን ጂ6 ላይ አድርሶ ንግሥቷን ማባረር። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ንግሥቷ የኢ5ን ወታደር በልታ ንጉሡን ቼክ ትላለች፣ በዚያው እርምጃ ኤች8 ላይ ያለውን ግንብም ታጠቃለች። የእርምጃ ቅደም ተከተል ለምን እንደሚያስፈልግ ለልጅ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

ዋናው ችግር ግን ፍጥነት ነው። የ9 ዓመት ልጆች ካልተገቱ አንድ ሙሉ ጨዋታ በአራትና በአምስት ደቂቃ ይጨርሳሉ። እጃቸው ከዓይናቸው ይቀድማል። እንዲህ የሚጫወት ልጅ በ30 ሳምንት የሚለማመደው ሳያስቡ መንቀሳቀስን ነው። የነካኸውን አንቀሳቅስ የሚለው ሕግ፣ እርምጃን ወረቀት ላይ መጻፍ፣ ከመንቀሳቀስ በፊት «ጓደኛዬ ምን አስፈራራ? የምበላው አለ? የምሄድበት ካሬ ደህና ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ እነዚህ ሁሉ ልጁን ለማቀዝቀዝ የሚያገለግሉ ናቸው። እነዚህን ክፍል ውስጥ ማስከበር ደግሞ የቼስ ችሎታ ሳይሆን የመምህርነት ችሎታ ይፈልጋል። የግምገማው ሪፖርትም ይህንኑ አንስቷል፦ አሰልጣኙ ቼስ ከመቻሉ ሌላ ክፍል የመያዝ ብቃት ያስፈልገዋል፤ ከሌለው የክፍሉ መምህር ድጋፍ የግድ ነው።

ውጤቱ

በሒሳብ ፈተና ቼስ በተማሩትና ባልተማሩት መካከል ልዩነት አልተገኘም። የተሰላው ተፅዕኖ በተግባር ዜሮ ነው። በንባብና በሳይንስም እንዲሁ ነው። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚመጡት ልጆች ለብቻ ሲታዩም የተለየ ጥቅም አልታየም።

በሌላ በኩል ብዙ የክፍል መምህራን ፕሮግራሙን ወደውታል፤ በልጆቹ ክህሎትና ባሕርይ ላይ መልካም ለውጥ አየን ብለዋል። ይህ ከፈተናው ውጤት ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ ግን አይጋጭም። መምህሩ የሚያየው ሁልጊዜ የሚቁነጠነጠው ልጅ ሰሌዳ ፊት 20 ደቂቃ ጸጥ ብሎ መቀመጡን ነው። ያየው እውነት ነው። ፈተናው የሚለካው ደግሞ ልጁ ክፍልፋይ መደመር መቻሉን ነው። ከመጀመሪያው ተነስቶ ሁለተኛው ይከተላል ማለት ግምት ነበር፤ የወደቀውም ይህ ግምት ነው።

በሙከራው ላይ የቀረበው ጠንካራ ትችት የፈተናውን ጊዜ ይመለከታል። ልጆቹ ቼሱን እንደጨረሱ፣ በ2014 ክረምት ላይ አልተፈተኑም። ያኔ ጥቅም ኖሮ በዓመቱ ውስጥ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ በስድስተኛ ዓመት ሁሉም ትምህርት ቤት ለብሔራዊ ፈተናው በብርቱ ስለሚያዘጋጅ ትንሽ ልዩነት በዚያ ሊዋጥ ይችላል። ትችቱ ተገቢ ነው። ሆኖም በአንድ ዓመት የሚጠፋ የሒሳብ ጥቅም ለትምህርት ቤት ብዙም አይረባም። መጠኑንም ማመዛዘን ያስፈልጋል፦ የእንግሊዝ የትምህርት ዓመት 190 ቀን ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ ልጆችም በቀን ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ሒሳብ ይማራሉ። ከዚያ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር፣ በጎን የተሰጠ የ30 ሰዓት ቼስ ውጤቱን ይለውጣል ብሎ መጠበቅ ከመጀመሪያውም ብዙ መጠበቅ ነበር።

ታዲያ ቀደምት ጥናቶች ለምን ሌላ ነገር ተናገሩ?

ከእንግሊዙ ሙከራ በፊት ጣሊያን ውስጥ በሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተሠራና በ2011 የወጣ ጥናት ቼስ የሒሳብ ውጤትን በግልጽ እንደሚያሻሽል ገልጾ ነበር። በ2016 ጆቫኒ ሳላና ፈርናንድ ጎቤ የተባሉ ተመራማሪዎች 24 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመዝኑም በአማካይ መለስተኛ ጥቅም አገኙ፤ በሒሳብ ከንባብ በለጥ ያለ ነበር፣ ከ25 እስከ 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ በተማሩት ላይ ደግሞ ይጎላ ነበር። የእንግሊዙ ልጆች 30 ሰዓት ስለተማሩ የሰዓት ማነስ ብቻውን ልዩነቱን አያብራራም።

እነዚሁ ሁለት ሰዎች ግን የሰበሰቧቸውን ጥናቶች ጉድለት ራሳቸው በግልጽ አስቀምጠዋል። አብዛኞቹ ቼስ የተማረውን ቡድን ያነጻጸሩት ምንም አዲስ ነገር ካላገኘ ቡድን ጋር ነው። አዲስ መምህር፣ አዲስ ጨዋታ፣ የተመረጥን ነን የሚል ስሜት፣ እነዚህ ብቻቸውን የልጅን ትጋት ለጥቂት ወራት ከፍ ያደርጋሉ። ያ ጥቅም የቼስ ነው ለማለት ሌላው ቡድንም የራሱ አዲስ ነገር፣ ለምሳሌ ዳማ ወይም ሙዚቃ፣ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ጉጉት ሊሰጠው ይገባል። ከዚያም የባሰ ጉድለት የነበራቸው አሉ፦ ልጆቹ በዕጣ ሳይሆን በፍላጎታቸው የተመዘገቡባቸው። ቼስ ክበብ በፈቃዱ የሚገባ ልጅ ከማይገባው ጋር ከመነሻውም እኩል አይደለም፤ በቤቱ የሚከታተለው ሰውም ይለያያል። የምሳ ሰዓት ክበብ ልጆችን ውጤት ከቀሪው ክፍል ጋር አነጻጽሮ «ቼስ ሠራ» የሚል ሪፖርት ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠየቀው ልጆቹ እንዴት እንደተመረጡ ነው።

ክህሎት ከቼስ ወደ ሒሳብ ለምን አልተሻገረም

በ1973 ዊልያም ቼዝና ኸርበርት ሳይመን አንድ የታወቀ ሙከራ አሳተሙ። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ የጠጠሮች አቀማመጥ ለአምስት ሰከንድ ካሳዩ በኋላ ከትዝታ እንዲደረደር ጠየቁ። የማስተር ደረጃ ያለው ተጫዋች አብዛኛውን ጠጠር በቦታው መለሰ፤ ጀማሪው አራት ያህል ብቻ። ጠጠሮቹ እንዲያው በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን የማስተሩ ብልጫ ከሞላ ጎደል ጠፋ። የቼስ ችሎታ በአብዛኛው የተከማቸ የቼስ አቀማመጥ እውቀት እንጂ ለሁሉ ነገር የሚያገለግል የጠነከረ ትዝታ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ሐሳቡ ከዚያም የቆየ ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክና ሮበርት ዉድወርዝ በ1901 እንዳሳዩት አንዱን ሥራ መለማመድ ሌላውን የሚያሻሽለው ሁለቱ ሥራዎች በጋራ በያዟቸው ነገሮች መጠን ነው። ጥያቄው እንግዲህ በአንድ ፈረስ ሁለት ጠጠሮችን በአንዴ የማጥቃት ዘዴና 3/4 ከ 2/3 ይበልጣል ወይ የሚል ጥያቄ ምን የጋራ ነገር አላቸው ነው። ሁለቱም ተረጋግቶ ማሰብ ይፈልጋሉ። ከዚያ ባለፈ የጋራቸው ጥቂት ነው። ልጁ ራሱ ደግሞ ያንን ጥቂት አያስተውለውም፤ የሒሳብ ደብተሩን ሲከፍት ሰሌዳው ትዝ አይለውም።

ድልድዩን መምህሩ ሲሠራው

ሁለት ሌሎች ጥናቶች እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። በዴንማርኳ ኦርሁስ ከተማ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ከሳምንታዊ የሒሳብ ክፍለ ጊዜያቸው አንዱ በቼስ ላይ በተመሠረተ የሒሳብ ትምህርት ተተካ፤ በ2017 የታተመው ውጤት በሒሳብ ላይ አዎንታዊ ተፅዕኖ አመለከተ፤ በተለይም ትምህርት በሚሰለቻቸውና ደስተኛ ባልሆኑ ልጆች ላይ። ጣሊያን ውስጥ 931 የመጀመሪያ ደረጃ ልጆችን ያካተተው የ2016 ጥናት ደግሞ ሁለት ዓይነት የቼስ ትምህርት አነጻጸረ። በአንዱ የቼስ አሰልጣኞች ችግር የመፍቻ ስልቶችን በግልጽ እየነገሩ አስተማሩ፤ በሌላው መምህራን ያለዚያ አስተማሩ። በሒሳብ ችግር መፍታት ላይ የተሻሉት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ሁለቱም ጥናቶች ከእንግሊዙ ያነሱ ናቸው፤ እንደ እሱ በ100 ትምህርት ቤቶች ዕጣ ላይ አልቆሙም። አቅጣጫቸው ግን ከቶርንዳይክ ሐሳብ ጋር ይገጥማል፦ የጋራው ነገር በመምህሩ አፍ ሲነገርና በወረቀት ላይ ሲሠራ ይሻገራል።

ሰሌዳው ለዚህ የሚሆን የሒሳብ ሀብት ሞልቶበታል። ባዶ ሰሌዳ ላይ ግንብ የትም ካሬ ቢቀመጥ ሊሄድባቸው የሚችላቸው ካሬዎች 14 ናቸው። ልጆቹ ይህን ሞክረው ይደርሱበታል፤ «ለምን ሁልጊዜ 14?» ሲባሉ ሰባት በረድፉ፣ ሰባት በዓምዱ መሆኑን በራሳቸው ቃል ማስረዳት አለባቸው። ጳጳሱ ግን እንዲህ አይደለም፤ ጠርዝ ላይ 7፣ አንድ ዙር ወደ ውስጥ ሲገባ 9፣ ከዚያ 11፣ መሀል ላይ 13 ካሬ ያገኛል። ጳጳስ መሀል ላይ ለምን እንደሚጠነክር ከዚህ ወዲያ ማስረዳት አያስፈልግም።

ፈረሱ ከሁሉም ይበልጣል። ልጆቹ 64 ካሬዎች ባሉት ወረቀት ላይ ፈረሱ ከየካሬው ስንት ቦታ እንደሚደርስ ይጽፋሉ፦ አራቱ ጥጎች 2፣ ስምንት ካሬዎች 3፣ ሃያ ካሬዎች 4፣ አሥራ ስድስቱ 6፣ መሀሉ ላይ ያሉት አሥራ ስድስቱ 8። በመጀመሪያ አንድ አራተኛውን ሰሌዳ ብቻ ሠርቶ ቀሪውን በተመሳሳይነት መሙላት እንደሚቻል የሚደርስበት ልጅ ይኖራል፤ እዚያ ላይ ሥራው ቆሞ ስልቱ ስም ሊሰጠው ይገባል። ሲደመር 336 ይሆናል። ድምሩ ለምን ለ2 ያለ ቀሪ ይካፈላል? እያንዳንዱ ዝላይ ሁለቴ፣ በሄደበትና በተመለሰበት፣ ስለተቆጠረ። ስለዚህ የሚገናኙት የካሬ ጥንዶች 168 ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው እርምጃ ነው ብዙ ጊዜ የሚረሳው፤ ቼስ የሌለበት ተመሳሳይ ጥያቄ። 30 ልጆች እያንዳንዳቸው ከሁሉም ጋር ቢጨባበጡ ስንት መጨባበጥ ይሆናል? ሁለቴ ቆጥሮ ለሁለት ማካፈል እዚህም ይሠራል፣ መልሱም 435 ነው። ልጁ ሁለቱን ጥያቄዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ መሆናቸውን በአፉ እስኪናገር ድረስ ድልድዩ አልተሠራም። በሰሌዳው ላይ ያሉ ካሬዎች ሁሉ ስንት ናቸው የሚለውም እንዲሁ ይሠራል፤ መልሱ 64 ሳይሆን ትልልቆቹ ጭምር ተቆጥረው 204 ነው፣ እዚያ የሚደረሰውም ከ2 በ2 ሰሌዳ ጀምሮ ትንሹን ችግር አስቀድሞ በመፍታት ነው።

ከፈተና ውጤት ውጭ ያለው

የእንግሊዙ ሙከራ የለካው ሦስት የትምህርት ዓይነቶችን ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ለአጭር ጊዜ በጥልቀት ቼስ ተምረው በተደረገ ጥናት፣ በ2021 እንደታተመው፣ በሒሳብ ላይ የጎላ ለውጥ አልታየም፤ ልጆቹ አደጋ ያለበትን ምርጫ የመሸሽ ዝንባሌያቸው ግን ቀንሶ ተገኝቷል። አርሜኒያ ደግሞ በ2011 ቼስን ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል የግዴታ ትምህርት አድርጋለች፤ ያን ያደረገ አገር ቼስን እንደ ሙዚቃና እንደ ስዕል ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎ የማየት መብት አለው። እኛም ከዚህ ወገን ነን። ሰሌዳው ቋንቋ ገና የማይችለውን ልጅ ከክፍሉ ጎበዝ ጋር እኩል ያስቀምጣል። ሽንፈት ጥፋተኛ ሊፈለግለት የማይችልበት ጨዋታ ነው፤ ዳኛ የለም፣ ዕድል የለም፣ ጓደኛ አልረዳኝም ማለት አይቻልም። ልጁ እጁን ዘርግቶ ጨብጦ ይነሳል። ይህ ከሒሳብ ነጥብ ጋር ሳይያያዝ በራሱ የሚፈለግ ነገር ነው።

ለሚጀምር ትምህርት ቤት

30 ሰዓት ያለው ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹን 8 ሰዓታት ለጠጠሮቹና ለትንንሾቹ ጨዋታዎች፣ ቀጣዮቹን 6 ለቼክ፣ ለቼክሜትና ለስቴልሜት ቢሰጥ ልጆቹ ሙሉ ጨዋታ በደንብ መጫወት ይችላሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው 16 ሰዓት የሚከፈለው በዓላማው ነው። ዓላማው ቼስ ከሆነ ሹካ (አንድ ጠጠር ሁለት ጠጠሮችን በአንዴ ሲያጠቃ) እና መቀርቀሪያ (ጠጠር ከኋላው ያለውን ላለማጋለጥ መንቀሳቀስ ሲያቅተው) የመሳሰሉት የማጥቂያ ስልቶች፣ እርምጃ መጻፍና ውድድር ይግቡበት። ዓላማው ሒሳብ ከሆነ ቢያንስ ግማሹ ከላይ ለተገለጸው ድልድይ ይዋል፤ ሰዓቱም ከሒሳብ ይወሰድ፣ የሚመራውም የሒሳብ መምህሩ ይሁን፣ አሰልጣኙ ይርዳው። የስፖርትን ሰዓት ቆርጦ ለሒሳብ ሲባል ቼስ መስጠትን የእንግሊዙ ውጤት አይደግፍም።

በቤታቸው ቼስ የሚያውቁ ልጆች በየክፍሉ አሉ። ስድስት ደቂቃ ውስጥ አሸንፈው ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ይረብሻሉ። ንግሥታቸውን ወይም አንድ ግንባቸውን አንስተው እንዲጫወቱ ማድረግ ከጀማሪው ጋር ያመጣጥናቸዋል። ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆን ሁለት ልጆች እየተመካከሩ በአንድ ወገን ይጫወቱ፤ ምክክሩ ሐሳባቸውን ወደ ቃል ስለሚያወጣ አንዳንዴ ከጨዋታው የበለጠ ይጠቅማል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ እያንዳንዱ ጥንድ 32 ጠጠር ቆጥሮ ከረጢቱን ያስረክብ፤ አንድ ንጉሥ የጠፋበት ሰሌዳ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ልጆችን ሥራ ፈት ያደርጋል።

መለካት የሚፈልግ ደግሞ የሚለካውን ነገር ከመጀመሩ በፊት ጽፎ ያስቀምጥ፤ ሒሳብ ነው፣ ትዕግሥት ነው፣ ወይስ ከትምህርት ቤት መቅረት መቀነስ? ፈተናው ሌሎች ያዘጋጁት ይሁን፤ አራሚው ማን ቼስ እንደተማረ አይወቅ። ማነጻጸሪያው ክፍልም በዚያው ሰዓት የራሱ አዲስ ነገር ይሰጠው። ከእንግሊዙ ሙከራ የጎደለውም ይሟላ፦ አንዱ ፈተና ትምህርቱ ባለቀ በሳምንቱ፣ ሌላው ከዓመት በኋላ። ሁለቱም ቀናት የመጀመሪያው ሰሌዳ ሳይዘረጋ በትምህርት ቤቱ መርሐ ግብር ላይ ይያዙ፤ በኋላ የሚታሰብ የዓመት ፈተና ልጆቹ ክፍል ቀይረው፣ መምህሩ ተዛውሮ፣ ዝርዝሩም ጠፍቶ ሳይካሄድ ይቀራል።